ስለ ግፉዓን አድማጮች

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 10 ቀን 2018 የኖቤል የሰላም ሽልማት በኦስሎ ከተማ ለሁለት ሰዎች፣ ማለት በምሥራቅ ኮንጎ በቡካቩ ከተማ የፓንዚን ሆስፒታል ላቋቋሙት ለዶክተር ዴኒስ ሙክዌጌና በኢራቅ ከየዚዲ ወገኖቿ ጋር ተማርካ ከባርነት ላመለጠችው ለናዲያ ሙራድ በተሰጠ ጊዜ፣ በጦርነት ወራት በሴቶች ላይ የሚፈጸመው ግፍ በነገሥታትና በመኳንንት ፊት በግልጽ ተነገረ። ሐኪሙ ቀድሞ ይሠሩበት የነበረው የሌሜራ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1996 በታጣቂዎች ተወርሮ ሕሙማኑ በአልጋቸው፣ አስታማሚዎቹም በሥራቸው ላይ እንዳሉ ከተገደሉ በኋላ፣ በ1999 የፓንዚን ሆስፒታል ለወላድ እናቶች ብለው ቢከፍቱት፣ መጀመሪያ የታከመችበት ሴት ልትወልድ የመጣች ሳትሆን በታጣቂዎች የተደፈረች ነበረች። ከዚያ ወዲህ በዚያ ደጅ በአሥር ሺዎች የሚቈጠሩ ሴቶች ገብተዋል፤ ስለ ሐኪሙም ትጋት በየአገሩ ብዙ ተጽፏል፤ መጻፉም የተገባ ነው።

ነገር ግን በዚያ ሆስፒታል ከቀዶ ሕክምናው ክፍል ውጭ የሚሠራ ሌላ ሥራ አለ። ግፍ የደረሰባት ሴት ከገባችበት ቀን ጀምሮ አጠገቧ ሆና የምታጽናናት፣ ልትናገር በወደደች ጊዜ የምታዳምጣት፣ ዝም ልትል በፈለገችም ጊዜ አብራት ዝም የምትል፣ በቤቱ ልማድ «ማማ ሼሪ» ተብላ የምትጠራ ሴት ትመደብላታለች። የሐኪሙ መሣሪያ በእሳት ተቀቅሎ ይነጻል፣ ሲደነዝዝም በሌላ ይለወጣል፤ የዚህች ሴት መሣሪያ ግን የገዛ ልቧ ነውና የሚለወጥ አይደለም። እኔ ዛሬ ልናገርላቸው የምወደው እንደ እርስዋ ስላሉት ነው።

በአገራችንም የሥራ ጓደኞቿ ብዙዎች ናቸው። በአዲስ አበባ በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታልና በሌሎችም ከተሞች በተከፈቱት የአንድ ማዕከል አገልግሎት መስጫዎች ነርሷ፣ የሥነ ልቦና አማካሪዋ፣ ፖሊሷና ዐቃቤ ሕጓ በአንድ ጣሪያ ሥር ተሰብስበው ይሠራሉ። እ.ኤ.አ. በ2003 የተመሠረተው የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበርም ከጥቃት የሸሹ ሴቶችን ከነልጆቻቸው በመጠለያዎቹ ተቀብሎ ያሳድራል። እ.ኤ.አ. ከ2013 መጨረሻ ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 የሚበልጡ ወገኖቻችን ከሳዑዲ ዐረቢያ ተባርረው በተመለሱ ጊዜ፣ በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ቆመው ስማቸውን የሚጽፉት፣ ውኃ የሚያቀብሉት፣ ከመካከላቸው አእምሮዋ የታወከውን ለይተው እጇን የሚይዙት ወጣት ሠራተኞች ነበሩ። ከዚያም በኋላ በሰሜኑ ጦርነት፣ ከተፈናቃዮች ድንኳን ወደ ድንኳን እየዞሩ ሰው አልሰማውም የተባለውን ሁሉ የሰሙ አሉ።

የአንድ ማዕከሉ አሠራር የተመሠረተበት አሳብ እጅግ የተቀደሰ ነው። ቀድሞ የተደፈረችው ልጅ መከራዋን በጤና ጣቢያ፣ ከዚያ በፖሊስ ጣቢያ፣ ከዚያም በዐቃቤ ሕግ ቢሮ፣ በመጨረሻም በችሎት ፊት እየደጋገመች ስትናገር በየደጁ እንደ አዲስ ትቈስል ነበርና፣ አንድ ጊዜ ተናግራ እንድታርፍ ታሰበላት። ከእርስዋ ጫንቃ የወረደው ሸክም ግን በጥቂቶች ጆሮ ላይ ተከማችቷል። ልጅቱ አንድ ጊዜ ብትናገር፣ የምትሰማት አማካሪ በዚያው ሳምንት ከእርስዋ በፊት ሌሎችን ሰምታለች፣ ከእርስዋም በኋላ የሚጠብቋት በኮሪደሩ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል።

ይህ ድካም በሊቃውንት መዝገብ የገባው ከቅርብ ዘመን ወዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 ኸርበርት ፍሮይደንበርገር የተባለ የሥነ ልቦና ሊቅ፣ በኒው ዮርክ ቀን የራሱን ሕሙማን ሲያይ ውሎ ማታ ለድኆች በነጻ በሚሰጥ ክሊኒክ ሲያገለግል፣ በባልንጀሮቹና በገዛ ራሱ ላይ ያየውን መታከት ጽፎ አወጣ። በ1990 ሊሳ ማካንና ሎሪ አን ፐርልማን የተባሉት ሴቶች ከዚህ የጠለቀ ነገር አስተዋሉ፤ የግፉዓንን ታሪክ ዘወትር የሚሰማ ሰው ኀይሉ ብቻ ሳይሆን ስለ ዓለም ያለው እምነት፣ ማለት ሰው ይታመናል ወይ፣ ቤቴ ደኅና ነው ወይ፣ የምሠራው ሥራ ለውጥ ያመጣል ወይ የሚለው መሠረቱ ሁሉ ቀስ በቀስ እንደሚናድ ገለጡ። ቻርልስ ፊግሊም በ1995 ስለ ርኅራኄ ድካም መጽሐፍ አሳተመ። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው የሕመሞች መመደቢያ መጽሐፍ፣ መከራውን በዓይኑ ያላየ ሰው እንኳ በሥራው ምክንያት የግፍን ዝርዝር እየደጋገመ ሲሰማ የቈየ እንደ ሆነ፣ ራሱ ከመከራው እንደ ወጣ ሰው ሊታመም እንደሚችል አምኖ ጽፏል። እንግዲህ የአድማጮች ቍስል የልበ ደካሞች ምክንያት ነው የሚል ሰው ከሊቃውንቱም ከተመክሮውም ጋር ይጣላል።

መታከትና በመስማት የሚመጣው ቍስል አንድ አይደሉም፤ ብዙ ጊዜ ግን አብረው ይሄዳሉ። የታከተ ሰው ጧት ከአልጋው መነሣት ይከብደዋል፣ ባለጉዳዩን እንደ ፋይል ቍጥር ያያል፣ የሠራው ሁሉ ከንቱ ይመስለዋል፤ ሥራው ቀሎለት ዕረፍት ቢያገኝ ይመለሳል። ሁለተኛው ግን ወደ ቤት ተከትሎ ይገባል። አማካሪዋ የሰባት ዓመት ልጇን እስከ ማዶው ሱቅ መላክ ትፈራለች፤ አጎት ልጇን ሲያቅፍ ልቧ ይሸበራል፤ ባልዋ ከኋላዋ መጥቶ ትከሻዋን ቢነካት ትደነግጣለች። በራስዋ ላይ ያልደረሰ ነገር በሕልሟ ይመጣባታል፤ ያላየችውን ክፍል ግድግዳ፣ ያልሰማችውን የበር ድምፅ ታውቀዋለች። አንዳንዷ ደግሞ ከእነዚህ አንዱንም ሳታይ ዝም ብላ ትደርቃለች፤ ዕንባ የሚያስፈልግበት ቦታ ላይ ዕንባ ታጣለች፣ ይህንም ጽናት ነው ብለው አለቆቿ ያመሰግኗታል። እኔ ከሁሉ የሚያስፈራኝ ይህ የመጨረሻው ነው፤ እንዲህ የደረቀች አማካሪ ፊት የተቀመጠች ልጅ አለመታመኗን ወዲያው ታውቃለችና፣ የአድማጩ ጕዳት በዚህ በር ወደ ተጐጂዋ ይመለሳል።

በአገራችን ልማድ ኀዘን የብቻ አይደለም። ሰው ሲሞት ዕድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ጎረቤት ንፍሮ ይቀቅላል፣ ለቀስተኛው ሣልስቱ እስኪያልፍ ድረስ ከኀዘንተኛው ጋር ይቀመጣል፣ ሟቹ እየተነሣ ይወራለታል፣ ዐርባውም ሲደርስ ቤተ ዘመድ እንደ ገና ይሰበሰባል። አባቶቻችን ይህን ሲሠሩ ለብቻ የተሸከሙት ኀዘን ሰውን እንደሚሰብር ጠንቅቀው አውቀው ነበር። ግፍን የምታዳምጥ ሴት ግን ድንኳን የማይተከልለት ኀዘን ነው ያላት። የሰማችውን ለባልዋ ልትነግር አትችልም፤ ለእናቷም፣ አብራት ቡና ለምትጠጣው ጎረቤቷም ልትነግር አትችልም፤ የባለጉዳይዋን ምስጢር እንድትጠብቅ በሕግም በሕሊናም ታስራለችና። በትንሽ ከተማማ ስም ባትጠራ እንኳ «አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ» ባለች ጊዜ ሰፈሩ ሁሉ ማን እንደ ሆነች ያውቃል። ስለዚህ «ምነው ፊትሽ ጠቈረ» ሲሏት «ራሴን አሞኝ ነው» ትላለች፤ እንዲህም እያለች ዓመታት ያልፋሉ።

ለዚህ ችግር መልሱ ከሩቅ የሚመጣ አይደለም፣ በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ውስጥ ምሳሌው ተቀምጦልናል። የነፍስ አባት የንስሐ ልጆቹን ኃጢአትና ኀዘን እስከ መቃብር ድረስ ይጠብቃል፤ ነገር ግን ካህኑም ራሱ የራሱ የነፍስ አባት አለው። ምስጢሩ ሳይወጣ የተሸከመው ሰው የሚቀልበት ሥፍራ ከጥንት ጀምሮ ተሠርቶለታል ማለት ነው። የሥነ ልቦና ሊቃውንትም ያገኙት ከዚህ የራቀ አይደለም፦ እያንዳንዷ አማካሪ በታወቀ ቀንና ሰዓት በሙያው ከእርስዋ ከበረታች ከአንዲት ሴት ጋር ትቀመጣለች፣ የባለጉዳይዋን ስም ሳታነሣ የሰማችውንና በእርስዋ ላይ ያደረሰውን ትናገራለች፣ የት እንደ ተሳሳተችና የት መልካም እንዳደረገች አብረው ያያሉ። ይህ ሰዓት የምርመራ ሰዓት እንዳይሆን ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። የደመወዝ ጭማሪዋንና ዝውውሯን በእጁ የያዘ አለቃ ፊት «ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ» የምትል ሠራተኛ አትገኝም፤ ስለዚህ አድማጭዋን የምታዳምጠው ሴት ከአስተዳደሩ ሰንሰለት ውጭ ብትሆን ይመረጣል።

በጦርነት አገር ያለው አድማጭ ደግሞ ከዚህ የከበደ ነገር አለበት፤ መከራው የሌላ ሰው ብቻ አይደለምና። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. ኦገስት 19 ቀን 2003 በባግዳድ በመሥሪያ ቤቱ ላይ በተጣለው አደጋ የሞቱትን 22 ሰዎች በማሰብ ያንን ዕለት የሰብአዊ ርዳታ ሠራተኞች መታሰቢያ አድርጎታል፤ በ2024 ብቻ በዓለም ዙሪያ ከ380 የሚበልጡ ሠራተኞች ተገድለዋል፤ ከሟቾቹም አብዛኞቹ በተወለዱበት አገር ሲያገለግሉ የሞቱ የአገር ልጆች ናቸው። ከውጭ የመጣው ባለሙያ ስድስት ወር ሠርቶ ወደ አገሩ ይመለሳል፣ ዕረፍትም ይሰጠዋል። የአገሩ ልጅ ግን የሚያገለግላት ተፈናቃይ የአክስቱ ጎረቤት ናት፣ የተቃጠለው ትምህርት ቤት እርሱ የተማረበት ነው። በመቐለ የዓይደር ሆስፒታል ሠራተኞች በጦርነቱና በመንገዱ መዘጋት ወራት ደመወዝ ተቋርጦባቸው፣ መድኃኒትም ተሟጦባቸው፣ ሕሙማናቸውን ሳይተዉ ቈይተዋል፤ የሚመገቡት እየጐደላቸው የተደፈሩትን ሴቶች ተቀብለዋል። እንዲህ ያለውን ሰው በአንድ ቀን ሥልጠና አዳራሽ አስቀምጦ «ለራስህ ጊዜ ስጥ፣ ጥልቅ ትንፋሽ ተንፍስ» ማለት፣ ምክሩ በራሱ ክፉ ባይሆንም፣ የማይገባ ነው ብዬ አምናለሁ።

ከአድማጮች መካከል ደግሞ ማንም የማይቈጥራቸው አሉ፤ ተርጓሚዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በደቡብ አፍሪካ የእውነትና የዕርቅ ኮሚሽን ፊት ግፍ የደረሰባቸው ሰዎች በየቋንቋቸው ሲመሰክሩ፣ ተርጓሚዎቹ የሰሙትን «እርስዋ እንዲህ ሆነች» ብለው ሳይሆን «እኔን እንዲህ አደረጉኝ» እያሉ በተናጋሪው ቃል ይመልሱ ነበር። በአንድ ቀን የተገደለው ልጅ እናትም፣ ተገርፎ የተረፈው እስረኛም፣ አንዳንድ ጊዜ ገራፊውም ራሱ በአንደበታቸው «እኔ» ሆኖ ይናገር ነበር። ብዙዎቹ በዚህ ሥራ ክፉኛ እንደ ተጐዱ ኋላ ተመስክሯል። በጋምቤላ በደቡብ ሱዳን ስደተኞች ሠፈር ኑዌርኛ የሚያስተረጕም ወጣትም እንደዚሁ ነው፤ እርሱ ራሱ በዚያው መንገድ ሸሽቶ የመጣ ስደተኛ ሲሆን፣ የአማካሪነት ማዕርግ ስለሌለው ለአማካሪዎች የተሠራው እንክብካቤ አይደርሰውም። ተጐጂዋን በሌሊት ከመንደር ወደ ሆስፒታል የሚያደርሰው ሹፌርም፣ የመጠለያው ዘበኛም፣ የምርመራውን አልጋ የምታጸዳው ሴትም ከዚህ ቍጥር ውስጥ ናቸው።

መድኃኒት ተብሎ የተሰጠው ሁሉ መድኃኒት እንዳልሆነም ማወቅ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1983 ጄፍሪ ሚቸል የተባለ አሜሪካዊ ለእሳት አደጋ ሠራተኞችና ለመሰሎቻቸው ብሎ፣ ከአደጋው በኋላ ባሉት ጥቂት ቀናት ሁሉም ተሰብስበው ያዩትንና የተሰማቸውን አንድ በአንድ እንዲናገሩ የሚያደርግ ሥርዓት አወጣ፤ አሠራሩም በየአገሩ ተስፋፋ። ዘግይቶ በጥናት በተፈተነ ጊዜ ግን፣ እ.ኤ.አ. በ2002 ማስረጃውን ሰብስበው የመረመሩት ሊቃውንት በአንድ ጊዜ ስብሰባ ሰውን ማናዘዝ ኋላ የሚመጣውን ሕመም እንደማይከለክል፣ አንዳንዱንም እንደሚጎዳ አገኙ፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ይህ እንዳይደረግ መከረ። ድርጅቱ በ2011 ከሁለት ሌሎች ድርጅቶች ጋር ያወጣው የመጀመሪያ የሥነ ልቦና ርዳታ መመሪያ ሰውን አስገድዶ አያናግርም፦ አካባቢውን አስተውሎ መመልከት፣ ቀርቦ ማዳመጥ፣ ከዘመድና ከአገልግሎት ጋር ማገናኘት ይበቃል ይላል፤ ረዳቶቹ ራሳቸውንና ባልንጀሮቻቸውን የሚጠብቁበትንም ክፍል ጨምሮ ይዟል። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አንዲት ቃል ሳይናገሩ ከእርሱ ጋር በምድር ላይ ሲቀመጡ ትክክል ነበሩ፤ ጥፋታቸው የጀመረው መናገርና ማናገር በጀመሩ ጊዜ ነው።

እንግዲህ ዋነኛው መፍትሔ ከወዴት ይመጣል ብሎ ለሚጠይቅ ሰው፣ በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 18 የተጻፈውን የዮቶርን ምክር እጠቅሳለሁ። ሙሴ ከጧት እስከ ማታ ብቻውን ተቀምጦ በሕዝቡ ሁሉ ላይ ሲፈርድ አማቱ ባየው ጊዜ፣ ነገሩ እንደማይበጅ፣ እርሱም ሕዝቡም አብረው እንደሚደክሙ ነገረው። ያዘዘለት ግን ጸሎት እንዲጨምር ወይም ልቡን እንዲያጠነክር አልነበረም፤ የሺህ፣ የመቶ፣ የአምሳና የዐሥር አለቆች እንዲሾምና ቀላሉን ነገር እነርሱ እንዲይዙት፣ ከባዱ ብቻ ወደ እርሱ እንዲመጣ መከረው። ዮቶር የነካው የሰውየውን ጠባይ ሳይሆን የሥራውን አደረጃጀት ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2019 መታከትን በሥራ ቦታ ካልተገራ ጭንቀት የሚመጣ ነገር ብሎ መዝግቦታል።

ስለዚህ የድርጅት ኃላፊ ከሁሉ በፊት ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ ቀላል ነው፦ አንዲት አማካሪ በቀን ስንት ሰው ታያለች? ከአስገድዶ መድፈር ጕዳይ በኋላ ቀለል ያለ ሥራ ይሰጣታል ወይስ ሌላ ይከተላል? ደመወዟ በቀኑ ይገባል? ወደ ቤት የምትመለስበት መኪና አለ? ተከሳሹ ስልኳን አግኝቶ ቢያስፈራራት ማን ይቆምላታል? የዓመት ፈቃዷን ብትጠይቅ የሚተካት ሰው አለ? እ.ኤ.አ. በ2007 የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶችና ሌሎች የርዳታ ማኅበራት በአደጋ ጊዜ ስለሚሰጥ የአእምሮ ጤናና የሥነ ልቦና ድጋፍ ያወጡት የጋራ መመሪያ፣ ለሠራተኞችና ለበጎ ፈቃደኞች ደኅንነት ራሱን የቻለ ክፍል ሰጥቶታል። መመሪያው ካለ፣ ጉድለቱ ሥራ ላይ ካለመዋሉ ነው።

የሥነ አእምሮ ሐኪም በሌለበት ምን ይደረጋል የሚለው ተገቢ ጥያቄ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ አእምሮ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ነውና፣ ዛሬም ባለሙያዎቹ ለሕዝቡ ብዛት ጥቂቶች ናቸው። ቢሆንም በሰሜን ኡጋንዳ በራይኖ ሠፈር ወደ 700 በሚጠጉ የደቡብ ሱዳን ስደተኛ ሴቶች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ጥናት፣ ጭንቀትን ስለ መቋቋም በድምፅ የተቀረጸ፣ በአምስት ስብሰባ የሚያልቅ፣ በጥቂት ቀናት የሠለጠነ ሰው ሊመራው የሚችል ትምህርት ጭንቀታቸውን እንዳቀለለላቸው አሳይቷል። ይህ ለስደተኞች የተሠራ ቢሆንም፣ በየወረዳው ተበታትነው ለሚሠሩት አድማጮች መንገድ የሚጠቍም ነው። ሌሊት እንቅልፍ ያጣች፣ መኖር ያስጠላት ሠራተኛ ግን ከዚህ አልፋ ወደ ሐኪም መድረስ አለባት፤ ይህም እንደ ወባ መታከም ሳያሳፍር መደረግ ይኖርበታል።

ሃይማኖት የዚህ ሁሉ ተቃራኒ እንዳልሆነ ለማስረዳት ብዙ አልደክምም። ነቢዩ ኤልያስ ከኤልዛቤል ሸሽቶ በክትክታ ዛፍ ሥር ሞትን በለመነ ጊዜ፣ መልአኩ አልገሠጸውም፤ አበላው፣ አጠጣው፣ አስተኛው፣ ዳግመኛም አበላው። ጸሎትና ጸበል ለሚያጽናናት ሴት ይሁንላት፤ ምግቡንና እንቅልፉን ግን የሚያዘጋጅላት የላካት ወገን ይሁን።

ይህ ሥራ ሰውን የሚያቈስል ብቻ ቢሆን ኖሮ አንድም ሰው ዐሥር ዓመት አይቈይበትም ነበር። በኮሎምቢያ የፖለቲካ ግፍ የደረሰባቸውን ሰዎች ስለሚያክሙ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት፣ አድማጮቹ ከባለጉዳዮቻቸው ጽናት እንደሚማሩ፣ ለራሳቸውም ችግር አዲስ ኀይል እንደሚያገኙ ገልጧል። ዶክተር ሙክዌጌ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2012 በቤታቸው ከተቃጣባቸው የግድያ ሙከራ ተርፈው ወደ አውሮፓ በሄዱ ጊዜ፣ ያከሟቸው ሴቶች አናናስና ሽንኩርት እየሸጡ ለመመለሻቸው ገንዘብ አጠራቀሙ፤ በሚቀጥለው ጃንዋሪ ሲመለሱም መንገዱን ሞልተው ተቀበሏቸው። በዚህ ጊዜ ማን ታካሚ፣ ማን አካሚ እንደ ነበር መለየት ያስቸግራል።

አንድ ነገር ግን ገና ሳይነካ የቀረ ይመስለኛል፤ እርሱም የሥራው መጨረሻ ነው። የርዳታ ሥራ የሚቆመው በፕሮጀክት ነው፤ ፕሮጀክቱም ቀን አለው። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2025 የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ርዳታውን በድንገት ባገደ ጊዜ በአገራችንም ብዙ ሠራተኞች በጥቂት ቀናት ውስጥ ተሰናብተዋል፤ ከነዚህም መካከል የሰሙትን ሁሉ ይዘው፣ ለጀመሯቸው ባለጉዳዮች ደኅና ሁኑ ሳይሉ የወጡ አሉ። መቀመጫውን በአምስተርዳም ያደረገው የአንታረስ ድርጅት ስለ ሠራተኞች ጭንቀት ባወጣው መመሪያ ከስምንቱ መርሖች ሁለቱን ለሥራ ማብቂያና ከዚያ በኋላ ላለው ጊዜ ሰጥቷል። በአገራችን ከለጋሽ ጋር ውል የሚፈርሙ ኃላፊዎችም ለመኪናና ለነዳጅ በጀት እንደሚይዙ ሁሉ፣ አማካሪዋ ከመጨረሻ ደመወዟ በኋላ ለተወሰኑ ወራት የራስዋን አማካሪ የምታገኝበትን ገንዘብ እንዲይዙ፣ ከመሰናበቷም በፊት የያዘቻቸውን ባለጉዳዮች ለምታውቃት ለአንዲት ባልደረባ ፊት ለፊት የምታስረክብበትን ሁለት ሳምንት በውሉ ላይ እንዲያስጽፉ እለምናለሁ።